«ሳይውጡ ይምጡ»፦ አዳማ ላይ የታክሮሊመስ ሌቭል የማስለካበት ላብራቶሪ

ይህን የምጽፈው አዳማና አካባቢዋ ለምትኖሩ፣ ኩላሊት ለተተከለላችሁና እንዲህ ያለ ሰው ለምታስታምሙ ነው። ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚዋጠውን ታክሮሊመስ የምትወስዱ ሁሉ ሌቭል፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን፣ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አዳማ ተቀምጦ በሰዓቱና በአግባቡ ማስለካት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበርም ታውቃላችሁ። አሁን ደህና ቤት አግኝቻለሁ። ጥሩውንም ጉድለቱንም እንዳየሁት ልንገራችሁ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ደሙ የሚቀዳው እዚሁ አዳማ፣ መሀል ከተማ ነው። ናሙናው በቀዝቃዛ ሣጥን ሆኖ አዲስ አበባ ይሄዳል። የሚመረምረው ማሽን ያለው እዚያ ነው። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በቴሌግራም ይደርሳል። የላብራቶሪውን ስም ያልጻፍኩት ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ነው። ለሚጠይቀኝ ሰው በግል እነግረዋለሁ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ። ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ አቁመው እጥበት ላይ ቆይቻለሁ። ከዚያ ታናሽ እህቴ አንድ ኩላሊቷን ሰጠችኝ። ንቅለ ተከላው የተሠራልኝ አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። የአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተሠራውም እዚያው ነው፤ መስከረም 2008 ዓ.ም.፣ ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር። ከዚያ በፊት ሰው ቤቱን ሸጦ፣ ዘመድ አዋጥቶለት ሕንድ ነበር የሚሄደው። እኔ እዚሁ አገሬ ላይ፣ በቋንቋዬ እየተነገረኝ ታከምኩ። እግዚአብሔር ይመስገን።

የእህቴ ኩላሊት አሁን ያለው ሆዴ ውስጥ፣ በስተቀኝ ወደ ታች ነው። እጄን ሳስቀምጥበት ይታወቀኛል። እሷ አንድ ኩላሊት ይዛ ልጆቿን እያሳደገች ነው። ስለዚህ ሌቭል መለካት ለእኔ የሰጠችኝን ነገር መጠበቅ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ቸልተኛ ባለሙያ ሲገጥመኝ ዝም ማለት አልችልም።

ምክንያቱም መንገዱ በጣም ጠባብ ነው። ሰውነታችን የእህትን ኩላሊት እንኳ እንግዳ አድርጎ ያየዋል። ታክሮሊመስ ያንን የሰውነት መከላከያ ያዳክመዋል። መድኃኒቱ በ1984 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ፣ ከጹኩባ አካባቢ አፈር በተገኘ ባክቴሪያ ነው የታወቀው። ትልቅ በረከት ነው። ግን ሲያንስ ሰውነት ኩላሊቱን ይገፋል፤ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ሕመም። ሲበዛ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል። እጅ ያንቀጠቅጣል። ራስ ያማል። ስኳርና ግፊት ከፍ ይላል፣ ፖታሲየም ይጨምራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ክሪያቲኒን፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ በሁለቱም ይጨምራል። መድኃኒቱ አንሶ ኩላሊቱ ሲገፋም ይጨምራል፤ መድኃኒቱ በዝቶ ኩላሊቱን ሲጎዳም ይጨምራል። ክሪያቲኒናቸው እኩል ከፍ ያለ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ መድኃኒት ሊጨመርለት፣ ሌላው ሊቀነስለት ይችላል። ክሪያቲኒን ብቻ አይቶ ይህን መለየት አይቻልም። ሐኪሙ ሌቭሉን ማየት አለበት። «ክሪያቲኒኔ ደህና ነው፣ ሌቭል ምን ያደርግልኛል» የምትሉ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ይህን አስቡ።

መጠን ማወዳደርም ይቅርብን። እጥበት ላይ የተዋወቅነው አንድ ወዳጄ ከእኔ በጣም ይቀጥናል። የሚውጠው ታክሮሊመስ ግን ከእኔ ይበልጣል። ሌቭላችን ተቀራራቢ ነው። በመጀመሪያ ግራ ገብቶን ነበር፤ በኋላ ሐኪማችን አስረዳን። አንጀትና ጉበት ውስጥ መድኃኒቱን የሚሰባብር ሲዋይፒ 3ኤ5 የሚባል ኢንዛይም አለ። አንዳንዱ ሰው ላይ በደንብ ይሠራል፣ አንዳንዱ ላይ አይሠራም። በዘር የሚመጣ ነው። ከአፍሪካ የዘር ግንድ ባለን ሰዎች ዘንድ የሚሠራበት ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው እኩል ሌቭል ለማግኘት ብዙ መዋጥ አለበት። ስለዚህ «እሱ ስንት ነው የሚውጠው» የሚለው ጥያቄ የትም አያደርስም። የእኔ ደም ውስጥ ስንት አለ ነው ጥያቄው።

አሁን ወደ ላብራቶሪው ልመለስ።

እኔ የምውጠው ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ነው። ሌቭል የሚለካው መድኃኒቱ ደም ውስጥ ዝቅ ያለበት ሰዓት ላይ ነው። የማታው ከተዋጠ 12 ሰዓት ሲሞላው፣ የጠዋቱ ሳይዋጥ ማለት ነው። በቀን አንዴ የሚዋጠውን ዓይነት የምትወስዱ ደግሞ 24 ሰዓት ሲሞላው ነው። ሐኪሞቹ የሚያነጻጽሩበት ቁጥር ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ለእኔ ሐኪሜ የወሰነልኝ ከ5 እስከ 8 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከዚህ ከፍ እንዲል ነበር የሚፈለገው። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

በፊት ለዚህ አዲስ አበባ እሄድ ነበር። ፈጣን መንገዱ ከ80 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ጥሩ መንገድ ነው። ጭንቁ ከመንገዱ ከወጣን በኋላ ነው። የከተማው መጨናነቅ ላይ ሰዓቱ ያልፋል። መድኃኒቱ ኪሴ ውስጥ ሆኖ 3 ሰዓት ሲል፣ 3 ተኩል ሲል እያየሁ መቀመጥ ነበረብኝ። አለዚያ ማታውኑ ሄጄ ዘመድ ቤት ማደር። ሱቅ ይዘጋል፣ ዘመድ ይቸገራል።

ይህ ላብራቶሪ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፍታል። ለእኔ ግማሹ ነገር እዚህ ጋ አለቀ። ከፍራንኮ በባጃጅ ደርሼ በር ላይ «ሌቭል ነው» ካልኩ ተራ ሳልጠብቅ ያስገቡኛል። ስኳር የሚለኩም፣ ታይፎይድ የሚመረመሩም ሰዎች ወረፋ ይዘው ይጠብቃሉ። ማንም ቅር ሲለው አላየሁም፤ የምትቀዳው ልጅ ምክንያቱን ጮክ ብላ ትነግራቸዋለች።

ይህቺ ልጅ ናት እንድጽፍ ያደረገችኝ። መርፌውን ከማንሳቷ በፊት ትጠይቃለች።

«ጋሼ፣ ጠዋት ውጠዋል?»

«አልዋጥኩም እህቴ።»

«የማታውን ስንት ሰዓት ዋጡ?»

«2 ሰዓት።»

«ልክ 2 ሰዓት? ወይስ ወደ 2 ተኩል?»

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ይህ ጥያቄ አስገረመኝ። ከዚያ በፊት ይህን ያህል አጥብቆ የጠየቀኝ አልነበረም። የመለስኩላትን ሁሉ ወረቀቱ ላይ ትጽፋለች፤ የመጨረሻው መጠን የተዋጠበት ሰዓት፣ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት፣ የምወስደው ሚሊግራም፣ የመድኃኒቱ የፋብሪካ ስም ጭምር። የፋብሪካ ስሙ የሚያስፈልገው አንዱ ፋብሪካ በሌላው ሲተካ ሌቭሉ ሊለወጥ ስለሚችል ነው። መድኃኒት ቤት «የተለመደው አልቋል፣ ይኸው ሌላ» ሲላችሁ ለሐኪማችሁ ሳትናገሩ አትቀይሩ።

ሰዓቱንም በሁለት መንገድ ነው የምትጽፈው፤ በእኛም በፈረንጅም። አዲስ አበባ የሚታተመው ውጤት በፈረንጅ ሰዓት ነው። ወረቀቱ ላይ 2፡00 ብቻ ቢጻፍ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ሌሊት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ብሎ ሊያነበው ይችላል። እሷ «ማታ 2፡10፣ 20፡10» ብላ ትጽፋለች። ማንም ያላዘዛት ነገር ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሰው ሥራው ላይ ሳየው ደስ ይለኛል።

ቱቦው ወይን ጠጅ ክዳን ያለው ነው። ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ አለ። ታክሮሊመስ በብዛት የሚቀመጠው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ስለሆነ የሚመረመረው ሙሉ ደሙ ነው እንጂ ከላይ የሚጠለለው ፈሳሽ አይደለም። ቀይ ወይም ቢጫ ክዳን ካነሡ በትሕትና አስቁሟቸው። ከቀዳች በኋላ ቱቦውን ሳትንጥ ቀስ አድርጋ ደጋግማ ትገለብጠዋለች። የረጋ ደም ወደ አዲስ አበባ ሄዶ «ናሙናው አይሆንም» ተብሎ እንዳይመለስ ነው። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውኃ ትሰጠኛለች። «በሉ አሁን ይዋጡ ጋሼ» ትላለች። ውኃው ጠረጴዛዋ ላይ በጆግ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው።

ይህን ሁሉ የማደንቀው ሌላውን ስላየሁ ነው። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ፣ ቦታውን አልጠራም፣ በጠዋት ሄጄ ተራ ስጠብቅ 2 ሰዓት አለፈ። ጠየቅኳቸው። «መድኃኒትህን ዋጥ፣ ለምርመራው ችግር የለውም» ተባልኩ። ደሙ የተቀዳው 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ውጤቱ ከ16 በላይ መጣ። ቤት ውስጥ የነበረውን ድንጋጤ አትጠይቁኝ። እህቴ ስልክ ላይ አለቀሰች። ሐኪሜ ጋ ስደውል የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ሰዓት ዋጥክ፣ ስንት ሰዓት ተቀዳህ?» ታክሮሊመስ ከተዋጠ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደም ውስጥ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። እነሱ የለኩት ያንን ጣሪያውን ነው። መጠኑን አልነካውም፤ በደንብ እንደገና አስለካኝ። 6.8 ሆነ። ሐኪሜ ባይጠይቅ ኖሮ ያልበዛው መድኃኒት በዛ ተብሎ ይቀነስብኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ የተቀዳበት ሰዓት እንኳ አልተጻፈም። ቁጥሩ ብቻ ነበር የነበረው።

ስለዚህ ላብራቶሪ ስትመርጡ ስለ ማሽኑ ከመጠየቃችሁ በፊት እነሱ እናንተን ምን እንደሚጠይቁ ተመልከቱ። የመጨረሻውን የዋጣችሁበትን ሰዓት ካልጠየቁ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ስለ ማሽኑም ቢሆን አንድ ነገር ማወቅ ጥሩ ነው። ታክሮሊመስን የሚለኩ የተለያዩ ዘዴዎች አሉ። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ኢሚዩኖአሴይ የሚባለው ነው። ማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚባል ደግሞ አለ፤ መድኃኒቱን ብቻ ለይቶ የሚለካ። የመጀመሪያው ተሰባብሮ የቀረውንም አብሮ ስለሚቆጥር ትንሽ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ሁለቱም ይሠራሉ። ዛሬ በአንዱ፣ በሚቀጥለው በሌላው ስታስለኩ ግን ቁጥሩ የተለወጠው ሰውነታችሁ ውስጥ ይሁን ማሽኑ ላይ አይታወቅም። እኔ አንድ ቦታ ይዤ ቆይቻለሁ፤ ይህ ቤትም ናሙናውን ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ነው የሚልከው። ይህን መጀመሪያውኑ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ሌላው የወደድኩት «አዲስ የጀመሩት መድኃኒት አለ?» የሚለው ጥያቄያቸው ነው። አንድ ጊዜ ጨጓራዬን አሞኝ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። ኤች ፓይሎሪ ነው ተብሎ የተለመደው የሦስት ዓይነት መድኃኒት ታዘዘልኝ። ገና አልጀመርኩትም ነበር። ልጅቷ ስትጠይቀኝ ማዘዣውን አሳየኋት። ክላሪትሮማይሲን የሚለውን በጣቷ አሳየችኝ። «ይህን ከመጀመርዎ በፊት የንቅለ ተከላ ሐኪምዎ ጋ ይደውሉ፤ እኔ ልከልክልዎ አልችልም፣ ግን ይደውሉ» አለችኝ። ደወልኩ። ሐኪሜ በሌላ ቀየረው። ክላሪትሮማይሲን ታክሮሊመስ እንዳይሰባበር ስለሚያደርግ ሌቭሉን በጣም ከፍ ያደርገዋል። ኤሪትሮማይሲንም፣ ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞልም እንዲሁ ናቸው። የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ሌቭሉን ይጥለዋል። ቲቢና ኤች ፓይሎሪ በበዙበት አገር ላይ ሆነን ይህን አለማወቅ አያዋጣም። ልጅቷ ሐኪም አይደለችም፣ ሐኪም ለመሆንም አልሞከረችም። የራሷን ድርሻ አውቃ ወደሚያውቀው ላከችኝ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ስለ ምግብም ትንሽ። ቅባት የበዛበት ምግብ ከመድኃኒቱ ጋር ሲገናኝ ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሰዋል። በዐቢይ ጾም ሽሮና ምስር፣ ፋሲካ ሲደርስ ዶሮና ቅቤ፤ የእኛ ማዕድ በአንድ ሌሊት ነው የሚገለበጠው። እኔ ጾምም ሆነ ፍስክ ከቁርስ አንድ ሰዓት ቀድሜ በውኃ ብቻ ነው የምውጠው። የንስሐ አባቴም «መድኃኒት ነው፣ በሰዓቱ ዋጥ» ብለውኛል። ተቅማጥ ከያዛችሁም ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ሌቭል ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ጭማቂ ቤት ስትገቡ ደግሞ ግሬፕፍሩት እንዳይቀላቀልባችሁ። ከኑራ ኢራ በኩል የሚመጣው ተራው ጣፋጭ ብርቱካን አይነካም፤ ግሬፕፍሩት ግን እንደ ክላሪትሮማይሲኑ ሌቭል ይሰቅላል።

አሁን ጉድለቱ። ዓርብና የበዓል ዋዜማ ናሙና አይቀበሉም። የአዲስ አበባው ምርመራ በነዚያ ቀናት ስለማይሠራ ነው ይላሉ። ይገባኛል፤ ግን ዓርብ ጠዋት እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረ ሰው እስከ ሰኞ ምን ይሁን? መጠበቂያ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱም ተዘግቶ ነው የሚውለው። መከላከያችን የተዳከመ ሰዎች የሚያስል ሰው አጠገብ መቀመጥ የለብንም። እኔ ተራ ባልጠብቅም እስኪጠሩኝ ድረስ ያለችውን ጊዜ ማስክ አድርጌ ውጪ ነው የምቆመው። በምሳ ሰዓት ስልክ አያነሡም። ውጤቱም አንድ ጊዜ ዘግይቶ ሁለት ቀን አልፎታል፤ ቀድመው ደውለው ባይነግሩኝ ኖሮ በጣም እቀየም ነበር።

ዋጋው ቀላል አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው የምርመራ ኬሚካል እየተወደደ ነው፤ ዋጋውም በየጊዜው ይለወጣል። ስለዚህ ቁጥር አልጽፍላችሁም፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። በቴሌብር ይቀበላሉ። ክሪያቲኒንና ፖታሲየም አብራችሁ ካሠራችሁ ትንሽ ይቀንሱላችኋል፤ ለኔም ቀንሰውልኛል። አዲስ አበባ የመሄጃውን፣ የማደሪያውን፣ የተዘጋውን ሱቅ ስደምር ለእኔ ያዋጣኛል። ለሁሉም እንደማያዋጣ አውቃለሁ። እጥበት ላይ አብረን ከነበርነው መካከል መድኃኒቱን ራሱ ለመግዛት የሚጨነቁ አሉ። ሌቭል ከመለካት የሚያግዳቸው ገንዘቡ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። እዚህ ከተማ ያለ የመንግሥት ሆስፒታል ናሙናውን ተቀብሎ ቢልክልን ብዙ ሰው ይተርፍ ነበር።

ለባለቤቶቹ ሁለት ነገር እለምናለሁ። መስኮቱን ክፈቱልን። ዓርብ ላይም ቢያንስ ሐኪም «አስቸኳይ» ብሎ ለጻፈለት ሰው መላኪያ መንገድ ፈልጉ።

ለምትሄዱ ደግሞ፦ የምትሄዱት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነው። የማታውን የዋጣችሁበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ ጠዋት እንቅልፍ ባልጠፋ ዓይን ማስታወስ ይከብዳል። የጠዋቱን መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከተቀዳችሁ በኋላ እዚያው እንድትውጡት። ሐኪማችሁ መጠን ከለወጠላችሁ በማግስቱ አትሂዱ፤ ደም ውስጥ እስኪረጋ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ ቀኑን እሱ ይንገራችሁ። ውጤቱ ሲመጣ ፎቶውን ከነሰዓቱ ለሐኪማችሁ ላኩ። ልጅቷ የምትገባው በጠዋቱ ፈረቃ ነው፤ ከ3 ሰዓት በኋላ የሚቀዳው ሌላ ወጣት ነው፣ እሱም ጎበዝ ነው።